በሁለቱ ልጆች መካከል

«ኢፍራሕን ምጥ ያዛት» አሉ አክስት ደሃቦ በስልክ። «ገና ወር ይቀራታል ብለው አልነበር ሐኪሞቹ?»

«ለማን ነገሩ?» አለች ሹክሪ።

«ለማን እነግራለሁ? ለአንቺ ብቻ ነዋ።»

«ለእህትዎስ?»

አክስት ደሃቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አክስቴ፣ ለእህትዎ ነግረዋል አይደል?»

«እሷማ ናይሮቢ ናት። ናይሮቢ ሆና ምን ታደርጋለች?»

ሹክሪ በአንድ እጇ ይዛው የነበረውን ሳምቡሳ እኔ ጭን ላይ ጣለችና መኪናዋን ወደ ሆስፒታሉ መንገድ ጠመዘዘችው። ናይሮቢ ያወቀውን ነገር ሚኒያፖሊስ ሳያውቅ ቀርቶ አያውቅም። ሚኒያፖሊስ ካወቀ ደግሞ ማሕድ ያውቃል፤ ማሕድ እንዳያውቅ ነበር ሁላችንም እነዚያን ወራት አፋችንን ለጉመን የቆየነው።

ማሕድ የኢፍራሕ ባል ነው። ወይም ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ኢፍራሕ ገና ማርገዟን ባወቀችበት ሰሞን ከአንድ ነዳጅ ማደያ ደውሎ ፈታሁሽ አላት፤ ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ ወዲያ ለእሷ ድምፁ ጠፋ። በእኛ ሕግ ነፍሰ ጡር የተፈታች እንደሆነ እስክትወልድ ትጠብቃለች። ዒዳ ይባላል ይሄ ጥበቃ። ዒዳዋ እስኪያልቅ ድረስ ሰውየው ሐሳቡን ከቀየረ፣ መልሻታለሁ ማለት ብቻ ይበቃዋል። እሷን መጠየቅ የለበትም። አንዴ ከወለደች ግን በሩ ተዘጋ፤ ከፈለጋት እንደማንኛውም ወንድ መጥቶ ይለምን፣ እሷ እሺ ካለች አዲስ ኒካ ይታሰር።

ይሄ ጊዜ የተሰጠው ለእርቅ ነው። ተናዶ የተናገረ ሰው ልቡ ሲመለስ ቤቱ እንዳይፈርስበት። ሕጉን ተሳደበች እንዳትሉኝ፤ እኔ የምሳደበው ሌላ ነው። ማሕድ ከዚህ በፊትም ፈትቷት ነበር። ያን ጊዜም ጥበቃዋ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ብቅ አለ፤ መስጊድ ገብቶ በሁለት ምስክር መለሳት፤ በሳምንቱ ኮለምበስ ከተማ፣ ሌላዋ ሚስቱ ጋ ነበር። ሞተሩ እንደበራ ጥግ የቆመ መኪና ነው ያደረጋት። አይነዳው፣ አይሸጠው፣ ሌላም እንዲነዳው አይፈልግ። ለመጉዳት ብሎ መመለስ ሐራም መሆኑን የማያውቅ ሼህ የለም። የማያውቅ ባልም የለም። ያውቃሉ፤ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

ኢፍራሕ ፍርድ ቤት አልሄደችም ወይ ትሉ ይሆናል። ሄደች እንጂ። ሲጋቡ ሼሁ ኒካ አስረው፣ ሩዝና የግመል ሥጋ ተበልቶ፣ ሴቶቹ እስኪነጋ ጨፍረው ተለያዩ፤ ካውንቲው፣ የአካባቢው መንግሥት ቢሮ፣ ሄዶ የጋብቻ ፈቃድ ያወጣ የለም። ማን ያወጣል? «እኛ በአላህ ነው የምንጋባው» ይላል አንዱ አጎት፣ ደረቱን ነፍቶ። ዳኛዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «እመቤት፣ ያላገቡትን ሰው ማፋታት አልችልም» አለቻት። ካውንቲው አላገባሽም ይላል፣ መስጊዱ ፍቺሽ ገና አላለቀም ይላል። እንደዚህ መሀል ላይ የተንጠለጠሉ ሴቶች በእኛ በሴዳር ሰፈር ሕንጻዎች ብቻ ፎቅ ይሞላሉ።

የሹክሪ ዲሪዬ ሥራ እነዚህን ማውረድ ነው።

ቢሮዋ የሶማሌ የገበያ አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሂና ቤቱና ከመጋረጃ ሰፊው መሀል ነው። ጠበቃ ሆና ስትጀምር የቤት ግዢ ውልና የመኖሪያ ፈቃድ ነበር የምትሠራው። ሴቶቹ ግን ለቤት ግዢ ይመጡና በሩ ሲዘጋ ሌላ ነገር ይጠይቋታል፤ እሷም አላውቅም ማለት ሰለቻት። የሼህ ሙሒዲን ትምህርት ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብላ ዓመታት ተማረች። ሼሁ ተማሪዎቻቸውን «ጥያቄ አለ?» ሲሉ ከመጋረጃው ጀርባ ሁልጊዜ አለ። አንዳንዱ ወንድ ተማሪ ሹክሪ ከመጣች ትምህርቱ አያልቅም ብሎ ቀርቷል ይባላል። ዛሬ ኢማሞቹ አይወዷትም፤ ግን እሷ ጽፋ ያመጣችውን ወረቀት ሁለተኛ ሳያነቡ ይፈርማሉ። አንድ ቀን ዋሽታቸው አታውቅም። ያላት ሀብት እሱ ነው፤ መኪናዋን ያየ ሌላ ሀብት እንደሌላት ያውቃል።

ለኢፍራሕ ያልሞከረችው የለም። ማሕድን ጥሎሽህን ትመልስልህና ልቀቃት አለችው፤ እምቢ አለ። ኢማሞቹ ጋብቻውን ያፍርሱላት ብላ ከሰሰች፤ ኢማሞቹ ሰውየው ቀርቦ ይሰማ አሉ፤ ሰውየው መንገድ ላይ ነኝ አለ። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። የቀረው መውለድ ብቻ ነበር። ማሕድ የሚያውቀው ቀን ሌላ ወር ላይ ነው፤ እንደ ልማዱ መጨረሻው ላይ ሊመጣ አስቧል። ልጆቹ ግን ቀድመው መጡ።

ልጆቹ ነው ያልኩት። መንታ ናቸው። ይህንን የምናውቀው ኢፍራሕ፣ አክስት ደሃቦ፣ ሹክሪና እኔ ብቻ ነበርን፤ እኔ ቢሮዋ ውስጥ ስለምሠራ። ሹክሪ ሴቶቹን አስቀምጣ በደንብ ነግራቸዋለች። «የመጀመሪያው ሲወለድ አላለቀም። የኋለኛው ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ዒዳ ላይ ነሽ። በሁለቱ መሀል እንኳን ቢመልስሽ ተመልሰሻል።» አክስት ደሃቦ አዎ፣ አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸዋል ብለን ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ከሰዓት ነበር። ኢፍራሕ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታ የብረቱን መደገፊያ ጨብጣለች።

«ሹክሪ» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ቢመጣ በሩን ዝጊልኝ።»

«በር አያስፈልገውም እህቴ። አፍ ይበቃዋል» አለች ሹክሪ፤ ወዲያው ጸጸታት። ግንባሯን ጠረገችላት። «አንቺ ያንቺን ሥራ ሥሪ። አፉን ለእኔ ተይልኝ።»

ከዚያ ውጪ ኮሪደሩ ላይ እንድንጠብቅ ተነገረን፤ አክስት ደሃቦ ብቻ ውስጥ ቀሩ። ሹክሪ መቀመጥ አትችልም። ከግድግዳ ግድግዳ ትሄዳለች፣ ውሃ የሚሸጠውን ማሽን ትመታለች፣ ስልኳን ታያለች።

የልጅ ለቅሶ ተሰማ። ሹክሪ ቀጥ ብላ ቆመች።

አክስት ደሃቦ በሩን በትከሻቸው ከፍተው ወጡ፤ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል፣ ፊታቸው በእንባ ርሷል፣ ስልካቸው አፋቸው ላይ ነው። «ወንድ ነው! አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ነፃ ወጣች!» እያሉ እልልታቸውን አቀለጡት። ጣታቸውን ከስልኩ ላይ አነሱ። የድምፅ መልእክቱ ሄደ።

«የት ላኩት?» አለች ሹክሪ።

«ለቤተሰቡ ነዋ። ለግሩፑ።»

«የትኛው ግሩፕ?»

«ሁላችንም ያለንበት…»

የማሕድ እናትም ያሉበት ነው። አክስት ደሃቦ ይሄን አሁን ነው ያሰቡት። ፊታቸው ላይ ደስታው ገና ሳይወርድ ድንጋጤው ተደረበበት፤ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አፈጠጡበት። «እንዴት ነው የሚጠፋው? አጥፊው። ሹክሪ፣ አጥፊው እንጂ!»

አጠፋችው። ናይሮቢ ግን እልልታውን መልሳ ልካ ነበር።

ብዙም አልቆየ፣ የሹክሪ ስልክ ጠራ። ሼህ ሙሒዲን ናቸው። ድምፁን ለእኛም ከፈተችው።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሹክሪ። ማሕድም መስመሩ ላይ ነው። ሁለታችንም እንስማሽ ብዬ ነው።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም፣ ሼህ።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ ማሕድ። ከኋላው የትልልቅ መኪናዎች ሞተር ይሰማል። «ሚስቴ ስትወልድ ከግሩፕ የምሰማ አባት ሆንኩ። ጎበዝ ጠበቃ ነሽ። እኔ ነብራስካ በረዶ ውስጥ ለልጆቼ እንጀራ ስፈልግ፣ አንቺ ቤቴን ትሰርቂያለሽ።»

«እንጀራው የታለ፣ ወንድሜ? ኢፍራሕ ኩሽና ገብቼ አላየሁትም።»

«አንቺ ባል ስላጣሽ ነው የሰው ትዳር የምትበትኚው።»

«ባል አለኝ። አሁን ቤት ሩዝ እየቀቀለ ነው። ላገናኝህ?»

«ተዉ» አሉ ሼሁ። «ሹክሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ልጅ በሩ ተዘጋብኝ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ደግሞ ሳላረጋግጥ መልስ አልሰጥም። በሆዷ የቀረ ሌላ አለ ወይስ የለም?»

አክስት ደሃቦ የሹክሪን እጅጌ ጨመደዱት። ያለ ድምፅ፣ በከንፈራቸው ብቻ፣ የለም በይ፣ የለም በይ ይላሉ። ጣታቸው ነጭ ሆኗል።

እኔም የለም በይ እያልኩ ነበር በልቤ። ለምን እዋሻለሁ። እዚያ ኮሪደር ላይ ቆማ እውነት መናገር ለማን ነው የሚጠቅመው? ለማሕድ? እሱ መች እውነት ተናግሮ ያውቃል። አንድ ቃል ነው፤ የሚሰማት ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ርቆ ነዳጅ ማደያ ቆሟል።

ሹክሪ ዓይኗን ጨፈነች። ኋላ ነው የነገረችኝ በዚያች ቅጽበት ያሰበችውን። ኢፍራሕ አንድ ቀን ታገባለች፤ ትወልዳለች። አንድ ቀን አንድ ሰው ተነስቶ መንታዎቹ መሀል ላይ ምን ተብሎ ነበር ይላል። ያኔ አዲሱ ትዳሯ ሐራም ከተባለ የምትረክሰው ሹክሪ አይደለችም፤ ኢፍራሕና የምትወልዳቸው ናቸው።

«አላለቀም» አለች። «መንታ ናቸው። ሁለተኛው ገና ነው።»

አክስት ደሃቦ እጅጌዋን ለቀቁና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ማሕድ ሳቀ። «ይኸው! አላህ ትልቅ ነው። ሼህ፣ ልመልሳት እፈልጋለሁ። ምስክሬ ይሁኑ።»

«ሼህ» አለች ሹክሪ ቶሎ ብላ፣ «እርስዎ ጠየቁኝ፣ እኔም እውነቱን ነገርኩዎት። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። ባለፈው ሲመልሳት ምስክሩ እርስዎ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከሳምንት በላይ ቤቷ ያደረ ይመስልዎታል? እርግዝናዋን ያወቀው ከማን እንደሆነ ይጠይቁት። ሊኖር ነው ወይ የሚመልሳት? እሱን ብቻ ይጠይቁልኝ።»



«ማሕድ» አሉ ሼሁ። «ሰምተሃል። ልትኖር ነው?»

«ሚስቴ ናት! ይሄ ጥያቄ ለምን ያስፈልጋል?»

«እኔ ባለፈው አልጠየቅኩህም። መጠየቅ ነበረብኝ። ዛሬ ምስክርህ አልሆንም።»

«ሁለት ሙስሊም አጣለሁ ብለው ነው? እዚህ ማደያ ውስጥ ሾፌር ሁሉ የእኛ ልጅ ነው። ሁለት ሰው ነው የሚያስፈልገኝ።»

ሼሁ መስመሩን ዘጉት።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እኛ በምንከተለው መንገድ ሚስትን ለመመለስ ምስክር ግዴታ አይደለም። መልካም ነው፣ የተወደደ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። ማሕድ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መልሻታለሁ ቢል አበቃ። ሹክሪ ይሄን ታውቃለች። ሼህ ሙሒዲን ናቸው ያስተማሯት። ማሕድ ግን ሃይማኖቱን የተማረው ሻይ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁሉም ወንድ ሁለት ምስክር፣ ሁለት ምስክር እያለ ነው የሚምል። ስንት ዓመት ሙሉ በሴቶች ላይ ሲጠቀሙበት የኖሩት ድንቁርና እንደዚያ ቀን ሴት ጠቅሞ አያውቅም።

«ለምን ዝም ብሎ አይናገረውም?» አሉ አክስት ደሃቦ ከወለሉ።

«ዝም ይበሉ፣ አክስቴ» አለች ሹክሪ።

ማሕድ በቀጥታ ለሹክሪ ደወለ። አላነሳችም። ቀጥሎ የአክስት ደሃቦ ጠራ፤ አክስት ደሃቦ ስልኩን ሥራቸው አስገብተው ተቀመጡበት፤ ከሥራቸው ይነዝራል፣ እሳቸው «አስተግፊሩላህ» ይላሉ።

አዋላጇ ወጣች። ሁለተኛው ልጅ አግድም ተጋድሟል አለች። ሐኪሟ ከውጭ በእጇ ልታዞረው እየሞከረች ነው፤ ካልሆነ ኦፕራሲዮን ይሆናል። ሹክሪ ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላ ጠየቀች። አዋላጇ በንዴት አየቻት። «እኛ አንቸኩልም እመቤት። እናቲቱን ነው የምናየው።»

ሹክሪ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ግድግዳውን በግንባሯ ነክታ ቆመች። «ሰማሽኝ?» አለችኝ። «ስለ ልጁ አልጠየቅኩም። ስለ እሷም አልጠየቅኩም። ስንት ጊዜ ነው ያልኩት።»

እኔ ይሄን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። እንዴት ነው አንዲት ሴት በምጥ መሀል፣ ሆዷ ውስጥ ልጅ ተጋድሞ፣ ነፃነቷ ነብራስካ ያለ አንድ ሰው ሁለት ሾፌር ያገኛል ወይስ አያገኝም በሚለው ላይ የሚንጠለጠለው? ኒካ ሲታሰር አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ፣ ፍቺውን ለሚስቲቱም የሚሰጥ አንድ መስመር፣ ሃይማኖቱ የሚፈቅደው፣ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ካውንቲው ሄደው ፈቃድ ቢያወጡ አንዱ ሸክም ይቀል ነበር። ግን ሠርግ ላይ ስለ ፍቺ የምታወራ ሴት ምን ዓይነት ባለጌ ናት ይላል አጎት። ሩዙ ይቀርባል። ሁሉም ይበላል።

ለቅሶ ሰማን። ከበፊቱ የቀጠነ፣ የተናደደ ለቅሶ። ቀጥሎ ሌላኛውም ተቀላቀለው፣ ሁለቱ አንድ ላይ። አዋላጇ ራሷን ብቻ አውጥታ «ዞሮ ወጣ፤ ወንድ ነው፤ እናትየዋ ደህና ናት» አለችና ገባች።

አክስት ደሃቦ በዚህ ጊዜ እልል አላሉም። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነበር።

ሹክሪ ራሷ ሼሁ ጋ ደወለች። «ተወለደ» አለች። ሼሁ አልሐምዱሊላህ ብለው ገና ሳይጨርሱ ሌላ ስልክ እየመጣባቸው እንደሆነ ነገሯትና አገናኙት። ማሕድ ነበር፤ ያለከልካል።

«ሁለት ሰው አግኝቻለሁ። አንዱ የእኛ ነው፣ አንዱ ቦስኒያዊ ነው፣ ሙስሊም ነው። ሁለቱም እዚህ አጠገቤ ናቸው። ልናገር ነው።»

«ሁለተኛው ተወልዷል፣ ማሕድ» አሉ ሼሁ።

ከዚያ፣ «መልሻታለሁ እኮ ቀድሜ» አለ። «ቅድም። መኪናው ውስጥ፣ ብቻዬን። አላህ ሰምቷል።»

ሹክሪ ስልኩን ስትጨብጠው አየኋት። ይሄን ነበር የፈራችው።

«ሰው ሰምቷል?» አሉ ሼሁ።

«አላህ ሰምቷል አልኩ።»

«ምስክር ከሌለህ ቃሉ የእሷ ነው። ሹክሪ፣ ኢፍራሕን ጠይቂልኝ።»

ሹክሪ ገባች። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማን። ኢፍራሕ አንዱን ልጅ ደረቷ ላይ ይዛለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል። መልሻታለሁ ይላል፣ ታውቂያለሽ ወይ ስትባል፣ «ድምፁን ከሰማሁ በጋው አልፎ በረዶ መጣ» አለች። «ወላሂ መልሶኝ እንደሆነ አላውቅም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሼሁ። «በእኛ ፍርድ አልቋል፤ ነፃ ናት። አሁን ማሕድ፣ ይሄ ለፍርድ አይደለም፣ ለራስህ ነው የምጠይቅህ። ቅድም ተናግሬያለሁ ብለሃል። እንግዲያው በአላህ ማል። እነዚያ ሁለት ሰዎች እየሰሙህ።»

አንድ ሰው ከአጠገቡ «ማል እንጂ ወንድሜ፣ እኛ መንገድ አለን» ሲለው ተሰማ።

«ቆይ፣ ስልክ እየመጣብኝ ነው» አለ ማሕድ። ዘጋው።

መስመሩ ላይ ሼሁና ሹክሪ ብቻ ቀሩ።

«መዋሸት ትችዪ ነበር» አሉ ሼሁ በመጨረሻ።

«እርስዎም ምስክር አያስፈልግህም ሊሉት ይችሉ ነበር።»

«አልጠየቀኝማ።»

ሹክሪ አልሳቀችም። ጫማዋ ላይ የበረዶው ጨው ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ ኮሪደሩ ላይ እያየችው ነበር። «ሼህ፣ ቅዳሜ ኒካ አለብዎት ይባላል። የእነ ጉሌድ ልጅ።»

«አለ።»

«ከማሰርዎ በፊት ሁለቱንም ወደ እኔ ይላኳቸው። ካውንቲው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ፍቺውን ለሚስቲቱም የምትሰጠውን ያቺን መስመር ተቀምጠን እንጽፋለን። አጎቱም ከፈለገ ይምጣና ይስደበኝ።»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ ብቻ አይበቃኝም፣ ሼህ» አለች ሹክሪ። «በስንት ሰዓት?»